በማን ክንድ

ባለፈው ጥር ከቤቴ አጠገብ ያለውን አሮጌ አዳራሽ አፈረሱት። መጀመሪያ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ኋላ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ የያዘው ሁሉ የሚጠለልበት ባዶ ቤት ሆኖ ኖረ። በቦታው ጤና ኬላ ሊሠራ ነው ተባለና ሁለት ቀያሾች ከደብረ ማርቆስ መጡ። አንደኛዋ ማህሌት የምትባል ልጅ ናት። ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ትተክልና አንድ ዐይኗን ጨፍና እያየች ቁጥር ትጠራለች፤ ጓደኛዋ ይጽፋል። ዕቃቸውን የሚያሳድሩት እኔ ቤት ስለሆነ ረፋድ ላይ ውሃና ቆሎ ይዤላቸው እወጣ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ የቆሙበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ የማውቀው ብርዱን ነው» አልኋት።

ሳቀች። እኔ ግን ዐይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ከፈረሰው እንጨት መካከል የአዳራሹ የበር መቃን ተጋድሟል። ጽድ ነው፤ ምስጥ አልነካውም። አፈር ውስጥ የኖረው እግሩ ጠቁሯል። ከዚያ ወደ ላይ በዐይኔ ስሄድ ጭረቱን አገኘሁት። በቢላዋ የተሳለ፣ ጣት የማይሞላ መስመር ነው። የሳልሁት እኔ ነኝ።

እኔ በተወለድሁበት አገር ሁሉም ነገር የሚለካው በሰው አካል ነበር። ደብረ ማርቆስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ማንም አይነግርህም፤ ጠዋት የወጣ ሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይደርሳል ይባላል፣ በክረምት ጭቃ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ። የጉድጓድ ጥልቀት በሰው ቁመት ነው። ልብስ በክንድ ነው፤ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ። ስለዚህ ገበያ ላይ አቡጀዲ የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀድሞ የሚጨቃጨቀው በለኪው ነበር። እናቴ ልብስ ልትገዛ ስትሄድ ሁልጊዜ ወንድሟን ታስከትላለች። አጎቴ እጁ ጉልበቱን ሊነካ ጥቂት የቀረው ሰው ነበር። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩት «ያ እጀ ረጅም መጣ፣ እቃ አንሡ!» እያሉ ይሳለቁበት ነበር። የጋራ ነገር የሚለካ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ወገን ተስማምተው ረጅምም አጭርም ያልሆነ አንድ ጎልማሳ ይመርጣሉ። «በማን ክንድ?» ሳይባል የተለካ ነገር አላስታውስም፤ ከአንዱ በቀር።

መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚለካብን ነገርም ይለወጥ ነበር። አንድ ጊዜ ገመድ ይዘው መጥተው መሬት ለኩ። ኋላ መንገዱን በሜትር ለክተው የድንጋይ ምልክት ተከሉ። አሁን ደግሞ ከሰማይ ሆኖ የሚለካ አለ ይላሉ። በመካከሉ ልጆቻችን የተለኩበት አንድ ቀን አለ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ስላልመጣልኝ ወደ እናቴ ተመልሼ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ቤት ውስጥ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አንማው ነን። የሚያርሰው እሱ ነው።

ትእዛዙ የመጣው በጥቅምት ነው፤ ጤፉ ማዘንበል ጀምሮ፣ ልጁም አዋቂውም የባቄላ እሸት እየጠረጠረ የሚሄድበት ሰሞን። ወረቀቱን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ዕድሜያቸው አሥራ ስምንት የሞላ ወንዶች ሁሉ ተመዝግበው ለውትድርና ይቅረቡ ይላል። ጦርነቱ ሰሜን ነው፤ ከዚያ የሚመጣ ዜና ጥሩ አልነበረም።

የልደት ቀን የተጻፈለት ልጅ አንድም አልነበረም። ሊቀ መንበሩ አያ ካሴ እናቶችን አዳራሽ ሰብስቦ መጠየቅ ጀመረ።

«የኔ ልጅ አንበጣ የመጣ ዓመት ነው የተወለደ» አለች አንዷ።

«አንበጣውማ ሁለቴ ነው የመጣው። በየትኛው ነው?»

«በኋለኛው ነዋ!»

«ኧረ ጢም አብቅሏልኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«የአባቱ ዘር ነው፤ ገና በጡት ላይ ሳሉ ነው የሚያበቅሉት።»

አያ ካሴ ራሱም ሳቀ። «በእናንተ ቆጠራማ ጡት የጣለ ልጅ በአገሩ የለም!» አለ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ግን ከወረዳ መልእክተኛ መጥቶ ስሙን ያላቀረበ ሊቀ መንበር ራሱ ይሄዳል አለው። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። በሩ ላይ ቆሞ «እንለካቸዋለን» አለ። «ሦስት ክንድ ተኩል የሞላ ሰው ሆኗል፤ ይሄዳል። ያልሞላ ይቀራል። ከዚህ በላይ የምሰማው የለኝም።»

እናቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዕድሜ ክርክሩ ይሻላል ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። አንማው የተወለደው እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ሰሞን ስለሆነ አሥራ አምስት ዓመቱ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን የእኅት ምስክርነት ማን ይቀበላል? ሦስት ክንድ ተኩል ደግሞ የጎልማሳ ቁመት ነው። አንማው ገና አልደረሰበትም። አያ ካሴ ሐሳቡን ሳይለውጥ ብዬ ቸኮልሁ። እሱ ከእናቶቹ ጋር ሊነጋገር ወደ ውጭ ሲወጣ፣ «ምልክቱን አንቺ አድርጊ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ቢላዋ አነሣሁ። ክንዴን መቃኑ ላይ ከመሬት ጀምሬ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁ። ለግማሹ ደግሞ ክንዴን በክር ለክቼ፣ ክሩን ከሁለት አጥፌ ጨመርሁ። ከዚያ ጫርሁት። ሥራው ከአንድ ውሃ መጠጫ ጊዜ አይበልጥም።

ማንም «በማን ክንድ?» አላለም።

ልጆቹ ተሰለፉ። እኔ የትምህርት ቤት ማስመሪያዬን በየአናታቸው ላይ እያሳረፍሁ «አለፈ»፣ «አላለፈም» እላለሁ። አያ ካሴ ተረከዛቸውን ያያል። አንማው ተራው ሲደርስ እናቴ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ጉልበትህን አጠፍ አድርገው» አለችው። እንዲህ ያለ ነገር አይሆንለትም። እየሳቀ መጥቶ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጠ።

«እታለም፣ ለክተሽ ስትጨርሽ ቀሚስ እንዳታሰፊልኝ» አለኝ።

ማስመሪያውን አሳረፍሁ። ከጭረቱ ሦስት ጣት በላይ ነበር። እንደገና አሳረፍሁት። ያው ነው።

«አለፈ» አልሁ።

አያ ካሴ ቀና ብሎ አንማውን አየ፣ መቃኑን አየ። «ይህ ልጅ ይህን ያህል ረዝሟል እንዴ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጻፊ» አለኝ። ጻፍሁ። በስሙ ትይዩ፣ ዕድሜ በሚለው ቦታ፣ አሥራ ስምንት። በዚያ ቀን ለአሥራ አንድ ልጆች አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ በእግራቸው ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው።

ቅዳሜ ገበያ ሄድሁ። እናቴ ለአንማው ሸሚዝ የሚሆን አቡጀዲ ግዢለት፣ መኪናቸው ሳይነሣ አሰፍተሽ አድርሽለት ብላኝ ነበር። አጎቴ አልተመቸውም፤ ብቻዬን ነበርሁ። ልብስ የምትሸጥልን እትዬ ዘሃራ የምትባል የገበያው ነባር ነጋዴ ነበረች። ስታየኝ ወደ ኋላዬ አሻግራ ፈለገች።

«የታለ እጀ ረጅሙ? ዛሬ በማን ክንድ ልትወስጂ ነው?»

«በእኔ ይሁን» አልሁ።

«በአንቺ? ኧረ እቴ፣ የሴት ክንድ! ከሰባት ክንድ አንዱ ሊቀርብሽኮ ነው። ለእኔማ ጥቅሜ ነበር። ቆይ፣ ያንን ጎረምሳ ልጥራልሽ» ብላ ሳቀች።

ክንዴን አየሁት። አቡጀዲው ላይ ተዘርግቷል። እትዬ ዘሃራ «ምነው?» ስትለኝ ሰምቻለሁ። አንድ ጎረምሳ ለክቶ ሰጠኝ፤ ልብሱን ይዤ ልብስ ሰፊ ጋ ቁጭ አልሁ፤ ሸሚዙ እስኪያልቅ የስፌት መኪናውን እያየሁ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። እስካሁንም ስለዚያ ቀን ሲነሣ የሚሰማኝ ያ ነው፤ ምንም።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቼ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ልጆቹ በሽቦ በታጠረ ግቢ ውስጥ ናቸው። በሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ አለ፤ ጨዋ ሰው ነው፤ አልጮኸብኝም።

«ወንድሜ ዕድሜው አልደረሰም» አልሁት።

ስሙን ጠይቆኝ ወረቀቱን ገለጠ። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «አሥራ ስምንት ይላል።»

«ተሳስቶ ነው።»

«የማን ጽሑፍ ነው ይህ?»

«የእኔ» አልሁ።

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «እኅቴ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ?» አለኝ።

ስለ ክንዱ አልነገርሁትም። ስለ ክንዱ ብናገር የአንማው ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም ልጆች ጉዳይ ይነሣል፤ እናቶቻቸው ይሰማሉ፤ አያ ካሴ ይጠየቃል፤ እኔም እጠየቃለሁ። ይህን ሁሉ ጠረጴዛው ፊት ቆሜ አሰብሁት። ከዚያ ዕቃ ላቀብለው ይፈቀድልኝ ብቻ አልሁ። ፈቀደልኝ።

አንማው ወደ ሽቦው መጣ። ሸሚዙንና በሶውን ሰጠሁት። ሸሚዙን ከሰውነቱ ጋር አስተያየ፤ እጅጌው ጣቶቹን አልፎ ወረደ።

«ለማን ነው ያሰፋሽው?» ብሎ ሳቀ። «ነገ እንሄዳለን አሉ። በአባይ በኩል ነው። ገደሉ ምን ያህል ነው የሚጠልቀው? በትምህርት ቤት ስንት ክንድ ነው ብለው ነገሯችሁ?»

«በሜትር ነው የተማርነው።»

«እሺ ስንት ሜትር ነው?»

«ረሳሁት።»

«አይ ተማሪ! ድንጋይ ጥዬ እቆጥርልሻለሁ።»

ከአንድ ወር በኋላ በሰው እጅ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ደረሰችን። የእጅ ጽሑፉ እንደ ድሮው ጠማማ ነው። እናቴንና አጎቴን ሰላም ካለ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ደጀን አልፈን መኪናው ጎማ ሊለወጥለት ቆመ። ለእታለም ብዬ ድንጋይ ጣልሁ። ሠላሳ ድረስ ቆጠርሁ። ድምፁ ሳይመጣ ተሳፈሩ አሉን።» ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ያ መንግሥት ሲወድቅ ከአሥራ አንዱ አራቱ ተመለሱ። ከአራቱ አንዱ አንማውን ያየበትን ቦታና ያጣበትን ቀን ነገረን። ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ሲሞት እዚህ ሦስት ክንድ ይቆፈርለታል፤ ለእሱ የተቆፈረ ነገር የለም። የአንማውን መሬት አጎቴ አረሰልን። እኔ አላገባሁም፤ ምክንያቱ ይህ ነው አልልም። በደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረቀት ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ስወጣ ወደ እናቴ ተመለስሁ።

እናቴ ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት ከአልጋ አትነሣም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ድንች ልጬ ልቀቅል ስል ጠራችኝ።

«የውቤ፣ ያን ቀን በማን ክንድ ነበር የተለካው?»

ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ መለካቱ አንድም ቃል አውጥታ አታውቅም። ድንቹን አስቀመጥሁ። አያ ካሴ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነበር።

«በአያ ካሴ» አልሁ።

«እሱማ አጭር ሰው ነበር» አለች። «እንግዲህ እዚያ ይጠየቅበት» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አያ ካሴ አጭር አልነበረም። ድንቹን አንሥቼ መላጥ ጀመርሁ።

ማህሌት ቆሎውን ጨርሳ ስትመጣ መቃኑ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ።

«ይህችን ትለኪልኛለሽ?» አልኋት። እግሩ ጠቁሮ ካበቃበት እስከ ጭረቱ አሳየኋት።

ሜትሯን ዘረጋች። «አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት። ምን ነበር እማማ?»

«ሦስት ክንድ ተኩል።»

«ክንድ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?»

እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ከክርኔ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ ለካችኝ፤ የብረት ሜትሩ ቀዝቃዛ ነው። «አርባ አራት» አለች። ስልኳን አውጥታ አባዛችና ፊቷ በራ።

«ልክ ነው እማማ! አንድም ሴንቲ አልሳቱም።»

«አልሳትሁም» አልሁ።

ሠራተኞቹ መቃኑን ለማገዶ ይውሰዱት እንደሆነ ጠየቁኝ። ውሰዱት አልሁ። ከዚያ ውሃ የጠጡበትን ብርጭቆ ሰብስቤ ገባሁ። ከአዳራሹ ቦታ እስከ ደጄ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለብዙ ዘመን አውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቆጠርሁም።