አራት ሰፈር፣ አራት ጎማ

ለሁሉም እኩል ይሁን ብላችሁ ያወጣችሁት ደንብ የአንድ ሰው ስም አጥፍቶባችሁ ያውቃል? ክፉ ደንብ ማለቴ አይደለም። ተጽፎ፣ ተነብቦ፣ ተመርቆ የጸደቀ ደንብ ማለቴ ነው። እኔን አጋጥሞኛል። የጠፋው የአንድ ሾፌር ስም ነው፤ ደንቡም ስለ መኪና ጎማ ነበር።

ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ አሸዋማውን ወንዝ ሲሻገሩ በምትገኝ መንደር ፊዚክስ አስተምራለሁ። የተመደብኩት ከጎጃም መጥቼ ነው። እዚህ ስደርስ መጀመሪያ ከተማርኳቸው ቃላት አንዱ "ቅሬ" ነው። እኛ አገር ዕድር የምንለው መሆኑ ነው፤ የሞተውን ይቀብራል፣ የታመመውን ያሳክማል። የመንደራችን ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት ነው። በሁለተኛው ዓመቴ የእጅ ጽሑፌ ደህና ይነበባል ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ።

ቅሬው አንዲት መኪና ነበረችው። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ በተለምዶ ፎር ዊል የምንላት፣ ዕድሜዋ የገፋ መኪና። ወደ ቅሬው እጅ የገባችው ከአፋር በኩል ጨው ሲጭንባት ከኖረ ነጋዴ ነው። በክረምት ባጃጅ ያንን ጭቃና አሸዋ አይደፍርም፤ ስለዚህ ምጥ የያዛትንም፣ ወባ የጣለውንም ቆቦ ሆስፒታል የምታደርሰው እሷ ነበረች። እዚያ ያረፈውንም ወደ አገሩ አፈር የምትመልሰው እሷው ነበረች።

ሾፌሯ ስልሳን የተጠጉ፣ በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር ትልቅ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ደሞዝ አልነበራቸውም። ውሉ እንዲህ ነበር፦ እሳቸው በተጠሩበት ሰዓት ሁሉ ይነሣሉ፤ ቅሬው ደግሞ ማሳቸውን ያርስላቸዋል፣ ማሽላቸውን ያርምላቸዋል፣ ያጭድላቸዋል። ልጆቻቸው ወደ ዓረብ አገር ስለሄዱ በቤቱ ሌላ ጉልበት የለም። እንግዲህ መሪውን ከእጃቸው መውሰድ ማለት ማሳቸውን ጦም ማሳደር ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

የመኪናዋ ጎማዎች ሲያልቁ ማን ይግዛ በሚል ጠብ ተነሣ። የወንዝ ማዶ ሰዎች "ወደ እኛ የምትመጣው ሬሳ ልታደርስ ብቻ ነው" አሉ። የገበያ ሰፈር ሰዎች ደግሞ "ሁልጊዜ ቀድመን የምናዋጣው እኛ፣ መጨረሻ የምንጫነው እኛ" አሉ። ሁለት ስብሰባ በዚሁ አለቀ። በሦስተኛው ላይ ደብተሬን ገልጬ መፍትሔዬን አነበብኩ። መንደሩ አራት ሰፈር ነው፤ ላይ ሰፈር፣ ታች ሰፈር፣ ገበያ ሰፈር፣ ወንዝ ማዶ። መኪናዋ አራት ጎማ አላት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር የአንድ ጎማ ባለቤት ይሁን። ሲተነፍስ እሱ ያስጠግን፣ ሲያልቅ እሱ ይተካ። በየጎማውም ላይ የየሰፈሩ የመጀመሪያ ፊደል በነጭ ቀለም ይጻፍ።

"ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ጭንቅላት አለው!" አሉ የቅሬው ዳኛ። ዳኛ የሚባለው በዚህ አገር የቅሬው ሰብሳቢ ነው፤ የኛው ነገር አብራጅ፣ ለስላሳ ሽማግሌ ናቸው። "አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ መምህር።"

አሜን አልኩ። ኮርቼ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱም ጎማዎች መጡ። ገበያ ሰፈር ከአላማጣ አዲስ ገዛ። ታች ሰፈርም አዲስ አመጣ፤ ሥሪቱ ግን ሌላ ነው። ላይ ሰፈር ዋጃ ካለ ዘመድ ጥርሱ እስከ ግማሽ የተበላ ጎማ ተቀበለ። ወንዝ ማዶ ያመጣው አሮጌ ሆኖ እንደገና ጥርስ የተለበደለት ነበር። ጎማ በጎኑ ላይ መጠኑን የሚናገር ቁጥር አለው። ጎንበስ እያልኩ የአራቱንም አነበብኩ፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ደብተሬ ላይ አራት ምልክት አደረግኩ።

ሾፌሩ ሁለቱን አዲሶች ፊት፣ ሁለቱን አሮጌዎች ኋላ ላድርግ ሲሉ የላይ ሰፈር ሰዎች ተቆጡ።

"እኛ ከኋላ? ከመቼ ወዲህ ነው ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን የሚከተለው?"

"እናንተ ሰዎች፣" አለች አንዲት የገበያ ሰፈር ሴት፣ "ኋላ ያለውም እኮ ቆቦ እኩል ነው የሚገባው!"

ሁሉም ሳቀ፤ የላይ ሰፈር ሰዎች ግን አልተመለሱም። እኔ ዕጣ አወጣሁ። ላይ ሰፈር ፊት ደረሰው፤ አዲሱ የገበያ ሰፈር ጎማ ኋላ ሄደ። ነገር እንዳያገረሽም "ማንም ሰው የጎማ ቦታ እንዳይለውጥ" ብዬ በቃለ ጉባኤው አሰፈርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሾፌሩ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

"መምህር፣ ይቺ ልጅ አልተመቻትም።"

"ምን ሆነች ጋሼ?"

"አሸዋ ላይ ዝም ትላለች። አስፋልት ስትወጣ ታጉረመርማለች። መሪው ይከብደኛል፤ ከሆዷም የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። እግሯ እኩል አይደለም። ፍቀድልኝና ላዟዙረው።"

"ቁጥራቸው አንድ ነው እኮ። እኔ ራሴ አይቻለሁ።"

"አንተ ያነበብከውን ትለኛለህ፤ እኔ በመቀመጫዬ የሰማሁትን እልሃለሁ።"

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስታውስ ፊቴ ይግላል። ጠመኔ አንሥቼ ክብ ሣልኩላቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጎማ ሲለውጡ ለኖሩ ሰው ስለ ክብ ዙሪያ አስረዳሁ። ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "እሺ ጌታዬ" ብለው ሄዱ። በዚህ አገር "እሺ ጌታዬ" ሁልጊዜ መስማማት እንዳልሆነ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭነው ቆቦ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከመኪናዋ ሥር አንዳች ነገር ተሰበረና አስፋልቱ መሐል ቀጥ አለች። ሴትየዋን ባጃጅ ወስዷት በሰላም ተገላገለች። መኪናዋ ግን ተጎትታ ጋራዥ ገባች።

በማግስቱ ከዳኛውና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄድን፤ ሾፌሩ ከመኪናዋ ሳይለዩ እዚያው አድረዋል። መካኒኩ በክሪክ ሲያነሣት ሁላችንም ጎንበስ ብለን ሥሯን አየን። ወለሉ በዝገት ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። ቀዳዳው በተቀጠቀጠ የዘይት ቆርቆሮ ተሸፍኖ በሽቦ ታስሯል። አንዱ ሽማግሌ ጠርዙን በጣታቸው ሲነኩት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ።

"ይሄን ሁሉ ጉድ ይዘህ ነው ዝም ያልከን?" አሉ ወደ ሾፌሩ ዞረው።

"ጨው ነው" አሉ ሾፌሩ። "ወደኛ ሳትመጣ የበላት ጨው ነው። እኔ በሽተኛው አቧራ እንዳይውጥ ቀዳዳውን ደፈንኩ እንጂ አልደበቅሁም።"

ማንም አልሰማቸውም። መካኒኩ ግን ዝገቱን ትቶ ከመሐሉ ዲፈረንሻል ዘይቱን በሣህን ቀዳልን። ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። "መኪናዋን ያቆማት ይሄ ነው፤ ጥርሱ ተፈጭቷል" አለ።

እዚህ ላይ ላስረዳ። እንዲህ ባለች መኪና የፊቶቹና የኋላዎቹ ጎማዎች መሐል ላይ ባለ፣ ዲፈረንሻል በሚባል ጥርስ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ካነሰ፣ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት። አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቻችለዋል። አስፋልት ግን አጥብቆ ይይዘዋል። ልዩነቱን ሁሉ የሚሸከመው መሐል ያለው ጥርስ ነው፤ ይግላል፣ ይፈጫል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። መንደር ውስጥ ሆኖ ይህን የሚሰማ የለም። የሚሰማው አስፋልት ላይ የሚነዳት ሰው ብቻ ነው።

ከጋራዡ አጠገብ የሚሠራው ጎሚስታ፣ አፉ የማያርፍ ጎማ ጠጋኝ፣ አራቱን አስተያየና "እነዚህን ማን ነው ያጋባቸው?" አለ።

"ቁጥራቸው አንድ ነው" አልኩ።

"ቁጥሩማ ፋብሪካው የጻፈው ነው። የጫማህስ ቁጥር አርባ ሁለት አይደል? ሶሉ የት አለ?"

የገበያ ሰፈርንና የላይ ሰፈርን ጎማ ፈታና በጠመኔ ምልክት አድርጎባቸው ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን አሥር አሥር ዙር አንከባለላቸው። አዲሱ የተበላውን ከአንድ ክንድ በላይ ቀደመው። በአሥር ዙር ይህን ያህል! እስከ ቆቦ ስንት ክንድ እንደሚሆን እዚያው ቆሜ ማስላት ጀመርኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ሾፌሩ ዳር ላይ ተቀምጠው በብትራቸው መሬቱን ይጭራሉ። አንዱ "መኪናችንን በዝገት አስበላት" ይላል፤ ሌላው "አሮጌ ሾፌርና አሮጌ ብረት" እያለ ያሾፋል። ተነሣሁና ከዲፈረንሻሉ ጀመርኩ።

"መምህር፣ ክፍል አይደለም፣ አሳጥረው!"

ሁለቱን ጎማዎች ይዤ መጥቼ ስለነበር ደልዳላ ቦታ ፈልጌ እንደ ጎሚስታው አንከባለልኳቸው። የላይ ሰፈር ጎማ ኋላ ቀረ።

"አላልኩም?" አለ አንድ የገበያ ሰፈር ሰው። "የላይ ሰፈር እግር አጭር ነው!"

"የኛን ጎማ ነው አጭር ያልከው?" አንድ የላይ ሰፈር ጎረምሳ ዱላውን አንሥቶ ቆመ። "ያንተ ነው ከልክ ያለፈው!"

በፊዚክስ ከሄድን ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚያች ሰዓት ግን ፊዚክስ የሚፈልግ አልነበረም። ግማሹ ሰው ቆመ፤ ሴቶቹ ጮኹ።

"አፉ በሉ! ስለ አላህ፣ ይቅር በሉ!" ዳኛው መሐል ገቡና እኔን በክንዴ ይዘው ፈቀቅ አደረጉኝ። "ልጄ፣ የምትለው እውነት ይሆናል። ግን አራት ሰፈር ከሚጋደል አንድ ሰው ቢቀየም ይሻላል። ዝገቱን ደግሞ ሁላችንም ጋራዥ አይተነዋል። ሌላ የምትለው አለህ?"

ነበረኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቦታ እንዳይለወጥ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነበር። ይህን ብናገር የትኛውም ሰፈር አይሰደብም፣ ሰውየውም ነጻ ይወጣሉ። ስለ ጎማ ያን ያህል ለፍልፌ ስለ ራሴ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

"የለኝም" አልኩ።

ውሳኔውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ "በሾፌሩ ቸልተኝነት መኪናዋ ዝጋ ስለተበላሸች፣ በሌላ ሾፌር እንዲተኩ።" በዚያ በሚነበብ ጽሑፌ። ሾፌሩ ተነሥተው ቁልፉን ደብተሬ ላይ አኖሩትና ማንንም ሳያዩ ሄዱ።

ዛሬ መኪናዋ ተጠግና ትሠራለች። ሁሉም በጋራ አዋጥቶ አራት አንድ ዓይነት ጎማ ተገዛላት። የኔ ደንብ መሻሩን ማንም በአፉ አልተናገረም፤ ለምን እንደተሻረ የጠየቀም የለም። አረም ሲደርስ ቅሬው ወደ አዲሱ ሾፌር ማሳ ወጣ። በቀጣዩ ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ቀድሞው ሾፌር ማሳ ሄድኩ። አረሙ ማሽላውን ሊውጠው ደርሷል፤ ሰውየው ወገባቸውን ይዘው ከአንድ ጥግ ጀምረዋል። ሳልጠየቅ ጎንበስ አልኩ።

"አንተ! የነቀልከው ማሽላ ነው!"

ቀና አልኩ። "ጋሼ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።"

"አዎ፣ ነበረብህ።" በእጃቸው ጠቆሙኝ። "በዚያኛው መስመር ግባ፤ እዚህ ትፈጀኛለህ።"

አፉ አላሉኝም። በሳምንቱ ለዳኛው ሁሉንም ነገርኳቸው። "አሁንማ አልፏል ልጄ፤ ቁስል አትንካ" አሉኝ። ቃለ ጉባኤው እንደተጻፈ አለ። የማሳቸው ሩብ ያህል ሳይታረም ቀረ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ እናንተም ሞክሩት። በጎናቸው ላይ ያለው ቁጥር አንድ የሆነ አንድ አዲስና አንድ ያገለገለ ጎማ ፈልጉ። በጠመኔ ምልክት አድርጉባቸውና ደልዳላ ቦታ ላይ አሥር አሥር ዙር አንከባልሏቸው። ክፍተቱን በክንዳችሁ ለኩት። ሰው እንዲያይላችሁ ከጠራችሁ ደግሞ፣ ማስረዳት ከመጀመራችሁ በፊት፣ ጎማዎቹን ያጋባቸው ማን እንደሆነ ተናገሩ።