ሙላቷ በወፍጮ ቤቱ ግቢ

ሙላቷን ያወቅኋት ይጁቤ ከተማ አብረን ስናስተምር ነው፤ እሷ ኬሚስትሪ፣ እኔ አማርኛ። ቀጭን፣ አጭር፣ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ነበረች። እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ ደብረ ማርቆስ አክስቷ ቤት ነው ያደገችው። አክስቷ ለገዛ ልጆቿ አዲስ ጫማ ስትገዛ ለእሷ የእነሱ አሮጌ ይደርሳት ነበር። «እግሬ ሳያድግ የቀረው ጫማው እንዳይጠበው ፈርቶ ነው» እያለች ትስቅ ነበር።

የተከራየችው ክፍል በአቶ የሽዋስ ግቢ ውስጥ ነው። የሽዋስ ባለ ወፍጮ ነው፤ ያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅም፣ ትከሻው ላይ የዱቄት ብናኝ የማይጠፋ፣ ወሬ የማይወድ ሰው። ሚስቱ ዲማ ገዳም መንና ገብታ እዚያው እንደሞተች አገር ያውቃል። ተዝካሯን ሲያወጣ ሁለት ሰንጋ እንደጣለ፣ ጠላው ሦስት ቀን ሙሉ እንዳላለቀ ይወራ ነበር።

ግቢው ሰፊ ነው። ከፊት ወፍጮ ቤቱ፣ ከጎን የኪራይ ክፍሎቹ፣ ከጀርባ ጎተራውና መስኮት የሌለው አንድ የጭቃ ቤት። ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩ ሲያጓራ ግድግዳው፣ አልጋው፣ የሻይ ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሙላቷ እሱን ለምዳዋለች። የሚያስፈራት ዝምታው ነበር። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በበዓለ ወልድ ወፍጮው አይነሳም። በእነዚያ ቀኖች ከጎተራው በኩል አንዲት ሴት ዳዊት ስትደግም ይሰማል። ዝግ ያለ፣ የትም ላይ የማይሰናከል ድምፅ ነው።

«አያ ፈንታ፣ ማነው እዚያ ዳዊት የሚደግመው?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀቻቸው።

«ራዲዮ ነው፣ ቲቸር።»

«ራዲዮ ያስላል እንዴ?»

«አሮጌ ራዲዮ ነዋ» አሉና ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

የሽዋስ መጀመሪያ ወንበር አመጣላት፤ ቀጥሎ የበሯን ማጠፊያ ጠገነላት። አንድ ቀን «ከእኔ ጋር ስታወሪ ለምንድነው እጄን የምታዪው?» አላት።

«ዛሬ የፈጩት ስንዴ ይሁን ጤፍ ለማወቅ ነው።»

ሳቀ። አያ ፈንታ ያን ሳቅ ሲሰሙ ከተቀመጡበት ብድግ ማለታቸውን ሙላቷ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በሯ ላይ ቆም ብሎ «በላሽ?» ይላት ጀመር። ጠይቆ ዝም ብሎ አይሄድም፤ መልሷን ይጠብቃል። በሕይወቷ እንዲህ የጠበቃት ሰው አልነበረም። ግቢው በገባች በስምንተኛው ወር በቁርባን ሊያገባት ተስማሙና ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። «ጠዋት ስነሳ የማንን ቤት ደጅ እንደምጠርግ ልወቅ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ስለ ፍቅሯ አልነገረችኝም።

ለሠርጉ ያመጣላት ቀሚስ ነጭ ሆኖ ከደረቱ እስከ ጫፉ ጥልፍ ነበረው። ደብረ ማርቆስ አሠራሁት አላት። ለብሳ ስታሳየኝ ትከሻው፣ ወገቡ፣ ቁመቱ ልክክ ብሏል።

«ልክሽን ማን ሰጣቸው?» አልኳት።

«እኔም እሱን ነው የማስበው። ደግሞ አሽትተው እስቲ።»

ጨርቁ ጧፍ ጧፍ ይሸታል።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የሽዋስ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ገና አልተመለሰም ብላ ማታ ያጠበችውን ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ዳዊቱ ተጀመረ። ረፋድ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ በግቢው ውስጥ ሰው የለም። እርጥቡን ልብስ ገመዱ ላይ ትታ ወደ ጎተራው ሄደች።

የሽዋስ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀርባውን ለጭቃው ቤት ግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ከውስጥ የሚሰማውን ንባብ ከንፈሩ ቃል በቃል ይከተላል። ሙላቷ ከጎተራው ኋላ ተሸሸገች። ንባቡ ሲያልቅ ከውስጥ ያለችው ሴት «ዛሬ እግርህን አሞሃል መሰለኝ፤ አረማመድህ ከብዷል» አለች። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና ተነስቶ ሄደ።

ሙላቷ ወደ ግድግዳው ቀረበች። ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች።

«ሙላቷ፣ ቀሚሱ ወገቡ ላይ ጠበበሽ?» አለ ድምፁ።

ከግድግዳው ፈቀቅ አለች። «ማነሽ?»

«እማሆይ ወለተ ማርያም ነኝ። በዓለም ሳለሁ ወለላ እባል ነበር፤ የእሱ ሚስት ነበርኩ። ልብስ ስታሰጪ እጅሽን ስትዘረጊ በዚህች ቀዳዳ እያየሁ ነው ልክሽን የወሰድኩት። አትፍሪኝ፤ ጥልፍ ካልሠራሁ እጄ ይደነዝዛል።»

ታሪኳን በዚያች ቀዳዳ ነገረቻት። ከሰባት ዓመት በፊት ታማ ሌሊቱን አታድርም ተባለ። መነኩሲት ሆና ትሙት ተብሎ በአልጋዋ ላይ ቆብ ተደረገላት። ቆብ የሚቀበል ሰው ለዓለም ሞቷልና እንደ ሬሳ ፍትሐት ይፈታለታል፤ ለእሷም ተፈታላት። ሲነጋ ውኃ አምጡልኝ አለች። ዳነች፤ ቆቡ ግን ከተደረገ አይወልቅም። ዲማ ካሉት መነኮሳይያት ጋር ልኑር ስትለው የሽዋስ እሺ አለ፤ ለሰዉም ሄደች ብሎ ተናገረ። መንገድ እስክትጀምር ለአንድ ሳምንት ብሎ እዚህ አስገባት። ሳምንቱ አላለቀም። በዓመቱ ሞተች የሚል ወሬ አመጣ፤ ተዝካሯንም አወጣ።

«ዋሸሁ ብሎ አያስብም» አለች። «ፍትሐቴ ሲፈታ ራስጌዬ ቆሞ አልቅሷል።»

«ለምን አልጮህሽም?»

«መጀመሪያ ጮኼ ነበር፤ ወፍጮው በለጠኝ። በበዓል ቀን ደግሞ ምን ብዬ ልጩህ? ባሌ ቆለፈብኝ ልበል? ባል የለኝም እኮ። ሞቻለሁ።» ይህን ስትል በትንሹ ሳቀች፤ ሙላቷን ከሁሉ ያስፈራት ያ ሳቅ ነው።

ሙላቷ የሽዋስን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በቆመው ሞተር አጠገብ አገኘችው። አልካደም።

«ሞታለች» አላት። «ፍትሐቷን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ተዝካሯን አውጥቻለሁ። እኔ ሚስት የለኝም።»

«ከሞተች ለምን ትቆልፍባታለህ?»

«ድምጿን ብቻ ነው ያስቀረሁት። ሌላውን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። የማገባው አንቺን ነው» አለ።

«በበዓል ቀንስ የማን ባል ነህ?»

ከአንገቱ ማተብ ጋር የታሰረውን ቁልፍ ፈትቶ የእህል ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ቁልፉን ይዛ ክፍሏ ገብታ እስኪመሽ ተቀምጣለች። መልሳ ብታስቀምጠው ማንም አያውቅም። ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ አክስቷ እንኳ እመጣለሁ ብላለች። «ለአንድ ሰዓት ያህል ወስኜ ነበር፤ ዝም ልል» አለችኝ በኋላ። «ከዚያ፣ እሱም ያን ጊዜ የወሰነው እንዲህ ተቀምጦ ነው አልኩ።»

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። ሙላቷ አንዲት ቆብ ያደረገች፣ ፀሐዩ ዓይኗን የሚወጋት ሴት ደግፋ በገበያው መካከል መጣች። ከፊት ለፊታቸው ያለው ሰው መንገድ እየለቀቀ ይከፈል ጀመር። አንዱ አማተበ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ከመቀመጫዋ ተነስታ፣

«ወለላ! በስመ አብ! ተዝካርሽን በልቻለሁ እኮ!» አለች።

«ይጥም ነበር?» አለቻት እማሆይ።

«ወጡ... ጨው በዝቶበት ነበር» አለች ሴትዮዋ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወደ ማርቆስ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ አሳፈረቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ሞተሩ ሊነሳ ሲል የሽዋስ ባዶ ራሱን፣ ባዶ እግሩን እየሮጠ ደረሰ። መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወለላ!» አለ። «ወለላ!»

እማሆይ ወደ ፊት እንዳየች ቀረች፤ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል። ዞር ያለችው ሙላቷ ናት። ፊቱን አየችው። የእሷንም ስም ይጠራ እንደሆነ ጠበቀች፤ ማታ ማታ በሯ ላይ ቆሞ መልሷን ይጠብቅ የነበረውን ያህል ጠበቀችው።

«ሹፌር፣ እንሂድ» አለች።