ክርስትና ያልተነሱት

ባንችይርጋን ለጥናቱ የቀጠሯት ዳገት ስለምትችል ነው። ከገነተ ማርያም በላይ ያሉት መንደሮች መኪና አይገባባቸውም፤ ከከተማ የመጡት የጥናቱ ጠያቂዎች ደግሞ እኩሌታውን ሳይወጡ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። እሷ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ለቄስ ሰይፈ ሥላሴ የተዳረችው እዚያው ዳገት ላይ ነው። የመንደሩን ሴት ሁሉ ከነጓዳዋ ታውቃታለች።

ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ሔለን ሙያዋ በአንድ ሰው ሳይሆን በአንድ አገር ሕዝብ ላይ በሽታና ሞት እንዴት እንደሚመላለስ መመርመር ነው። ወደ ላስታ የመጣችው የእርግዝናን ነገር ልታጠና ነው፤ ስንቱ ፅንስ እንደሚጨነግፍ፣ ስንቱ ሙት እንደሚወለድ፣ ስንቱ ተወልዶ እንደማይሰነብት። ላሊበላ ላይ ጠያቂዎቹን ስታሠለጥን፣ ጉዳቱ በርትቶ የተገኘበት መንደር አዋላጅ የምትቀመጥበት የእናቶች ማቆያ ይሠራለታል አለች። ባንችይርጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቆያውን ለመንደሯ ተመኘችው። ከእነሱ መንደር እስከ ጤና ጣቢያው ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሦስት ሰዓት ትጓዛለች፤ በክረምት ደግሞ ወንዙ ከሞላ ጉዞም የለም።

ሥራው ሲጀመር ግን ቁጥሩ አልመጣ አለ። መጀመሪያ የገባችው አሰለች ቤት ነበር። አሰለች ጎረቤቷ ናት፤ ሁለት ሕፃናት ቀብራለች፤ ሁለተኛውን ደግሞ ትንፋሹ ሲወጣ አቅፋው የነበረችው ባንችይርጋ ራሷ ነበረች። መልስ እንድትሞላበት በተሰጣት ታብሌት ላይ እንደተጻፈው፣ ተወልዶ የሞተ ልጅ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አሰለች ፊቷን ሳታዞር የለኝም አለች። ቀጥሎ ያለውም ቤት የለኝም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም የለኝም።

ሴቶቹ አልዋሹም። ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሞልቷቸው ክርስትና ካልተነሱ እዚያ አገር ልጅ ተብለው አይቆጠሩም። ስም የላቸውም፣ ፍትሐት የላቸውም፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገቡም። አባትየው በጨርቅ ጠቅልሎ ከጓሮ ይቀብራል፣ እናትየውም አታልቅሺ ትባላለች። እንዲህ ዝም ስትባል የኖረችን ሴት አንዲት ታብሌት የያዘች ሰው መጥታ ልጅ ሞቶብሻል ወይ ብትላት ምን ትመልስ?

ባንችይርጋ ሦስት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተች። በአራተኛው ቀን አሰለች ቤት ተመለሰች፤ ታብሌቱን ከጎኗ አስቀምጣ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን የራሷን አወራች። ሦስት ቀብራለች። አንዱ ሳያለቅስ ተወለደ፣ አንዷ ዘጠኝ ቀን ጠባች፣ የመጨረሻው ሠላሳ ስምንተኛ ቀኑ ላይ ሄደ፤ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እሷ ስትጨርስ አሰለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ከዚያ የራሷን ሁለቱን ነገረቻት። ባንችይርጋ በየቤቱ እንዲሁ አደረገች። በየቤቱ የራሷን ሦስቱን እንደ አዲስ እየቀበረች፣ ከአርባ ሦስት ሴቶች ሠላሳ አንድ ሕፃናት መዘገበች።

ወሬው ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ጆሮ ደረሰ። ሦስቱንም በገዛ እጁ የቀበረው እሱ ነው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ገበናችንን አገር ለአገር አዞርሽው» አላትና ከዚያ ወዲያ ለሁለት ወር አብሯት ማዕድ አልቀረበም። እሷም ቻለችው፤ ማቆያው ሲሠራ ይገባዋል ብላ።

በጥቅምት ዶክተር ሔለን ላሊበላ አስጠራቻት። ባንችይርጋ የምሥራች መስሏት የክት ቀሚሷን ለብሳ ወረደች። ዶክተሯ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየቻት፤ የሌላው መንደር ሁሉ ሁለትና ሦስት፣ የእሷ ብቻ ሠላሳ አንድ። ከቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሞልተሽው ነው ወይ ብላ በጨዋ ደንብ ጠየቀቻት። ባንችይርጋ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳች፣ የራሷንም ሦስቱን ጭምር። ሔለን እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም፤ ዓይኖቿም እንባ አቀረሩ።

«አምንሻለሁ» አለቻት። «ግን አንቺ ሌላ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው፤ የራስሽን ነግረሽ ነው ያናገርሻቸው። በአንድ ዓይነት መንገድ ካልተጠየቀ ከሌላው ጋር ማወዳደር አልችልም። የአንቺን መንደር ከጥናቱ ማውጣት አለብኝ።»

«እንግዲያው ሌሎቹንም እንደኔ ይጠይቋቸዋ፣ ዶክተር።»

የጥናቱ ጊዜ አልቋል አለቻት። በሪፖርቱ መጨረሻ፣ የጥናቱ ጉድለቶች በሚለው ሥር ነገሩን እንደምትጠቅሰው ቃል ገባችላት። ሔለን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቃሏንም ጠብቃለች። ሠላሳ አንድ ሕፃናት በሁለት መስመር ተጠቅልለው ጉድለት ተብለው ተጻፉ፤ የየትኛዋ እናት ልጆች እንደሆኑም አልተገለጸም። እኔን ያንገበገበኝ ይኸ ነው፤ እነዚያን ሕፃናት ቀሳውስቱ አልቆጠሯቸውም፣ ሳይንሱም በተራው አልቆጠራቸውም፤ ሁለቱም ደግሞ የየራሳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። ማቆያው ሦስት ሞት ለተመዘገበበት ሌላ መንደር ተፈቀደ።

ባንችይርጋ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለባሏ ብትነግረው፣ ገበናውን በከንቱ አውጥታዋለች ማለት ነው። ለሴቶቹ ብትነግራቸው ደግሞ፣ አንዴ የከፈቱትን አፋቸውን ዳግመኛ ለማንም አይከፍቱም።

በኅዳር ጽዮን ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ አሰለች ከቅጥሩ ጥግ ጠበቀቻት። ሰው እንዳይሰማ ተጠግታ በዝቅታ አናገረቻት።

«እነዚያ የነገርኩሽ... ዶክተሯ ዘንድ ደረሱ?»

«ደርሰዋል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

አሰለች እፎይ አለች። ስለ ሁለቱ ልጆቿ ጠይቃ ከሰው አፍ መልስ ስትሰማ በሕይወቷ ያ ቀን የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ሰባተኛ ወሩን የያዘ ሆዷን በመዳፏ ደገፈችና፣ አዋላጇስ መቼ ነው የምትመጣው ብላ ጠየቀቻት።

«በቅርቡ» አለቻት ባንችይርጋ።