የጋሽ ስለሺ ጥለት በመስታወት

ሠርካዲስ ምድጃዋን የምታበራ ቀን የግቢያችን ሰው ሁሉ ልብሱን ሳይተኩስ ይወጣል። ቆጣሪያችን አንድ ነው። የእሷ ምድጃና የእኔ ካውያ አብረው ከተሰኩ መብራቱ ድርግም ይልና ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ግቢያችን አከራይም ተከራይም በሻማ እንተያያለን።

«ሠርኬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቀቅይ ነው?» እላታለሁ፣ የተጨማደደ ሸሚዜን ይዤ።

«አይቀቀልም፤ ይቀልጣል» ትለኛለች፣ ቀና ሳትል።

ከአዲሱ ገበያ መስታወት ቤቶች ሊጣል የተዘጋጀ የመስኮት ቁርጥራጭ ትለቅማለች። በቀጫጭኑ ትቆርጠዋለች፤ እሳት የማያስለቅቀው የቀለም ዱቄት ትቀባዋለች፤ ሰፋ ባለ መስታወት ላይ ትደረድረውና ድሮ ማድቤት በነበረችው ክፍል ካለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ትከተዋለች። ሙቀቱ ሲበረታ የላዩ ከሥሩ ጋር ይያያዛል። ብዙ ካላቀለጠችው ግን የተደረደረው ጎበጥ ጎበጥ እንዳለ ይቀራል፤ በጣት ይዳሰሳል። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ከማቅለጡ ማቀዝቀዙ ይብሳል። መስታወት ቀስ ብሎ ካልበረደ ስለሚሰነጠቅ ምድጃው ከጠፋ በኋላም ክዳኑ አይነካም። ዘርም ይመርጣል። አንዴ የቢራ ጠርሙስና የመስኮት መስታወት አብራ ብታቀልጥ፣ እሳት ውስጥ ፍቅር በፍቅር የነበሩት ሲበርዱ ተኳርፈው ተለያዩ። «እንደ አንዳንድ ሙሽሮች» ብላት አልሳቀችም። እንጀራዋ ነው፣ ልክ ናት።

አባቷ ጋሽ ስለሺ ሽሮ ሜዳ ላይ የተመሰገኑ ሸማኔ ነበሩ። ሠርካዲስ ያደገችው አጠገባቸው ተቀምጣ ክር እያቀበለች ስለሆነ ዛሬም መስታወቷን የምትደረድረው እንደ ጥለት ነው። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ከወሰደው ወዲህ ግን ጋሽ ስለሺ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የአላፊ አግዳሚውን ነጠላ በጣታቸው ይመረምራሉ። እኔን እንኳ ሰላም ሲሉኝ መጀመሪያ የሚይዙት ጋቢዬን ነው። «ይሄን ማነው የሸመነው? ማጉ ላልቷል!» ይሉኛል፤ እኔ እንደሸመንኩት ሁሉ አፍራለሁ።

የልጃቸውን ሥራ ግን አንድ ቀን ነክተው አያውቁም። «መስታወት እጅ ይቆርጣል እንጂ ምን ሙያ አለው?» ብለው ዘግተውታል። ሠርካዲስን ይህ ነገር ያንገበግባታል። ሥራዋ ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እንግዳ ፎቶ ይነሳበታል፤ እሷ ግን የምትፈልገው አባቷ በእነዚያ ጣቶች ዳስሰው «ይሄ ሙያ ነው» እንዲሏት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰሞን የእናቷን የእትዬ የዓለምወርቅን የሠርግ ቀሚስ ከሣጥን አወጣች። ጥለቱን ጋሽ ስለሺ በወጣትነታቸው ለሙሽራቸው ብለው የፈጠሩት ነው፤ ለሌላ ሰው ሸምነውት አያውቁም። ሠርካዲስ ያንን ጥለት በመስታወት፣ ጎበጥ ጎበጥ እንዳለ፣ ለጣት እንዲመች አድርጋ ደረደረችው። ምድጃው ነደደ፣ ጠፋ፣ መብረድ ጀመረ።

ዕለቱ ሚካኤል ነበር። እትዬ የዓለምወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጡና እንደ ልማዳቸው ግቢውን መርጨት ጀመሩ። በሬን ረጩ፤ ውሻውን ረጩ፤ ቆጣሪውን ሊረጩ ሲሉ ጮኬ አስቆምኳቸው። ከዚያ ወደ ማድቤት ገቡ። የምድጃው መብራት ጠፍቷል፤ ክዳኑን ከፈት አድርገው «የልጄን ሥራ ይባርክላት» አሉና ረጩ።

ጧ!

«እማዬ! ምን አደረግሽ?» ሠርካዲስ እየሮጠች ደረሰች።

«ምን አደረግሁ? ጠበል ነው የረጨሁት! በጠበል የሚጮህ ነገር እኮ ውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

በጠበል ላይ ማን ይቆጣል? ሠርካዲስም አልተቆጣችም። ክዳኑን መልሳ ዘጋችና በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። በጣም አሳዘነችኝ።

ጋሽ ስለሺ ለቅሶውን ሰምተዋል። «ሲበርድ አምጪው» አሉ።

«አባዬ፣ ይቆርጥሃል።»

«አምጪው አልኩሽ!»

ሲበርድ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቻቸው ከዳር ጀምረው መሄድ ጀመሩ፤ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

«የዓለምወርቅ፣ ይሄ ያንቺ ቀሚስ ነው» አሉ ቀስ ብለው። እትዬ የዓለምወርቅ የጠበሉን ጠርሙስ እንዳቀፉ ፊታቸውን አዞሩ። ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ጋሽ ስለሺ ፊታቸውን አኮማተሩ። «እዚህ ጋ ክር ተበጥሶብሻል።»

«ተሰንጥቆ እኮ ነው አባዬ። አለቀለት።»

«ክር በተበጠሰ ቁጥር ድሩ ይጣላል እንዴ? ቋጥሪው!»

ሠርካዲስ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። ቀጭን መስታወት ቆርጣ ስንጥቁ ላይ አጋደመችና እንደገና ምድጃ ከተተችው። የእኔ ሸሚዝ እንደተጨማደደ ቀረ። መብረድ ሲጀምር ጋሽ ስለሺ ወንበራቸውን ማድቤቱ በር ላይ አስቀምጠው ከዘራቸውን እንደ ኬላ ገመድ ዘረጉ። ባለቤታቸው ጠርሙሷን ይዘው ብቅ ሲሉ በኮቴያቸው አወቋቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የግድ ከሆነ እኔ ላይ ርጪው!»

እትዬ የዓለምወርቅም ጠርሙሷን ሙልጭ አድርገው ረጩባቸው።

መስታወቱ ወጣ። ስንጥቁ ተያይዟል። ጋሽ ስለሺ ሲዳስሱ ሠርካዲስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች፤ እኔም ምርቃቱን እጠብቃለሁ። ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ወደተጋደመችው ቁራጭ ደረሰና ፊታቸው ጠቆረ።

«ቋጠሮ በፊት ለፊት የሚያደርግ ማነው? ቋጠሮ ከጀርባ ነው! ያን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ምን ተማርሽ? እንደገና ሥሪው!»

እኔ ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ግን ሠርካዲስን አየኋት፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ጋሽ ስለሺ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ የሚቆጡት አብረዋቸው የሚሸምኑትን ብቻ ነበር። እሷን እንዲህ ተቆጥተዋት አያውቁም።

«እሺ አባዬ» አለችና መስታወት ልትቆርጥ ገባች።

እኔም ሄጄ፣ ምድጃው ጠፍቷል ብዬ የሰካሁትን ካውያዬን ነቀልኩ።