ኦርኬስትራ ለደንገል ታንኳ

በደርግ ዘመን ነው። ጓድ ዳይሬክተር ውጭ አገር የተማረው ዕውቀት ሁሉ አንድ ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ሻንጣውን የሞላው ደግሞ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ነው። ስለ ጣና ታንኳ ሠሪዎች ፊልም ሊያነሣ ባሕር ዳር መጣ፤ ድምፅ እንድቀርጽለት እኔ ተመደብሁ።

ሥራ ላይ ላየው ሰው ጉድ ነበር። ካሜራው ሲዞር እሱ ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። በሐሳቡ ኦርኬስትራ እየመራ ነው አሉ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር! የምንቀርጻቸው ሽማግሌ ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል እያሰሩ ቀና ብለው አዩትና፣ «ዝንብ አስቸገራቸው መሰል፤ ጭስ እናጭስላቸው?» አሉኝ።

እኒህ ሽማግሌ ደንገል ሲያስሩ ያንጎራጉራሉ። በየመሀሉም ዓሣ የምትሸጠውን ልጃቸውን ስሟን እየጠሩ ያሞግሷታል። ሁሉንም ቀረጽሁት። ዳይሬክተሩ ድምፁ ያለበትን የቴፕ ክር ጠቅልሎ አዲስ አበባ ወሰደው። ክረምቱ ሳይወጣ ሽማግሌው ሞቱ።

ፊልሙ እዚያው ባሕር ዳር፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አዳራሽ የታየ ዕለት ልጅቱ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ፊት ተቀመጠች። «የአባቴ መልኩስ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ድምፁን ነው የናፈቅሁ። ዛሬ ልሰማው ነው» አለችኝ።

መብራቱ ሲጠፋ ቫዮሊኑ፣ መለከቱ፣ ከበሮው አንድ ላይ ወረደብን። ሐይቁ ሲታይ ቫዮሊን፤ ወፍ ሲነሣ መለከት። ኦርኬስትራ ጠልቼ አይደለም፤ የጠላሁት ሙዚቃውን ዝም ማሰኘት የማያውቀውን ዳይሬክተር ነው። ሽማግሌው ብቅ አሉና አፋቸውን ከፈቱ። የተሰማው ያው ቫዮሊን ነው። ካድሬዎቹ አጨበጨቡ። እኔ በንዴት ጨስሁ።

ሲያልቅ ልጅቱ ዳይሬክተሩ ፊት ቆመች።

«ጌታው፣ አባቴን እኮ ዓሣ አደረጉት። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለውም።»

እሱ ፈገግ አለ። «እኅቴ፣ እንጉርጉሮ ለፊልም አይሆንም። ኦርኬስትራው አባትሽን ከፍ አድርጓቸዋል» አላት። ያመሰገናት ነው የመሰለው።

«እሺ፣ ከፍ ይበል። እርስዎ ዘንድ ያለውን ድምፁን ይስጡኝና ልሂድ።»

«ክር እኮ እጥረት አለ» አለ፣ ሰዓቱን እያየ። «ሙዚቃውን የቀዳነው በዚያው ክር ላይ ነው።»

አልገባትም። ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ማለታቸው ነው?» አለችኝ። እሱ ወደ ግብዣው ሄዷል። የአባቷን መርዶ ለሁለተኛ ጊዜ የነገርኋት እኔ ነኝ።