የጋሽ ዘንድሮ ምርጫ

የጋሽ ዘንድሮን ጸጉር ቤት ያላየ ሰው፣ የፊልም ሽልማት ማለት ከረባት ያሰሩ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው የሚጨባበጡበት ነገር ይመስለዋል። ተሳስቷል። ዋናው ጉዳይ የሚያልቀው እዚያች ከሲኒማ ቤቱ ጎን ያለች፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥንና አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ያላት ክፍል ውስጥ ነበር። ክርክሩ፣ ስድቡ፣ ለቅሶው፣ "ዳኞቹ ዓይን የላቸውም እንዴ!" የሚለው እሪታ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም አንብበው ዋንጫ ያስጨብጣሉ፣ ያን ያህል ነው ሥራቸው።

እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ግን የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። "ዘንድሮ" ያሉት ደንበኞቹ ናቸው። ሽልማቱ በቀረበ ቁጥር መቀሱን ሽቅብ አንስቶ "ዘንድሮስ አልሳሳትም!" ይል ስለነበር ነው። ተሳስቶ ያውቃል ወይ? ኧረ ምኑ ይወራል! ተሳክቶለት ያውቃል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል። አንድም ቀን።

ፊልም የሚያየውም እንደ ሰው አልነበረም። የሲኒማ ቤቱን በረኛ በነፃ ስለሚያስተካክለው እሱም በነፃ ይገባል፤ ገብቶ ታዲያ ዓይኑ የሚያርፈው የተዋናዮቹ አናት ላይ ነው። በማግስቱ የደንበኛ ጺም እየከረከመ፣ "ይሄ ሰውዬ አሥር ዓመት ታስሮ ነው የወጣው አላችሁኝ?" ይላል። "ታዲያ ማጅራቱን እንዲህ አሳምሮ ያስተካከለው ማነው? የወህኒ ቤቱ አዛዥ? ተዉ እንጂ! ጸጉሩ ውሸት ነው!" ጸጉሩ ውሸት ነው ካለ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም። በሌላ በሌላው ነገር ያጋንናል፣ ይቀጥፋል፣ ይቀላምዳል። በጸጉር ግን ዋሽቶ አያውቅም። ደንበኛው ራሱ ተስተካክሎ "አማረብኝ?" ሲለው፣ ካላማረበት "ትለምደዋለህ" ይለዋል እንጂ አምሮብሃል አይልም።

የመላጨቱን ደንብ ያመጣው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው፣ ከጋሽ ዘንድሮ ጋር ግድግዳም ክርክርም ሲጋራ የኖረ ሰው። ያኔ ጋሽ ዘንድሮ አዲስ ያገባ ሰሞን ነበር፤ ጎፈሬው በበር ሲገባ ቀድሞት ነው የሚገባው። የሽልማቱ ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብላ ባሏን ስለምትጠብቅ ሴት የሚተርክ ፊልም መረጠና ደረቱን ነፋ። "ካላሸነፈ ይሄን ጸጉሬን ላጩት!" አለ። ማሸነፉ ይቅርና የፊልሙ ስም እንኳ በወጉ አልተነሳም። ልብስ ሰፊው ያለ አንድ ቃል ተነሥቶ ማሽኑን አነሳ። መለካት እንጂ መላጨት የት ያውቃል! እዚህም እዚያም ቁንጥር ቁንጥር እየተወ ጨረሰው። ቤቱ ሲሄድ ሚስቱ "ማንን ፈልገው ነው?" ብላ በሩን ዘጋችበት ይባላል። እሷ ግን እስከ ዛሬ "ውሸታሞች! በሳቅ ወደቅኩ እንጂ አልዘጋሁበትም" ትላለች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል እንደሚባለው፣ ጋሽ ዘንድሮም አፉን ከከፈተ ጭንቅላቱ መታየቱ አይቀርም። አንድ ዓመት፣ ዓለም ሁሉ "ይሄማ አሸናፊ ነው" ያለውን ፊልም እሱም መረጠ። ያ ፊልም ወደቀ። በየዓመቱ ጸጉር ቤቱ ውስጥ እንደ ዳኛ የሚቀመጠው ጡረተኛው መምህር "አንተ ባትነካው ኖሮ ምን ነበረበት!" ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሰፈሩ የወጣ አንድ ተዋናይ ዕጩ ሆነና ጸጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ በወለደችህ፣ እኔን እንዳትመርጠኝ" ብሎ ለመነው። ጋሽ ዘንድሮ ስቆ መለሰው፤ ሰውየው ግን አልሳቀም።

ልጁ ያደገችው በዚያ ሁካታ መሐል ነው። መቀስ መያዝ የተማረችው በአባቷ አናት ላይ ነው። ከመላጨቱ በኋላ ሲያድግ ሲያድግ ትጠብቅና፣ በርጩማ ላይ ቆማ "አባዬ፣ አትነቃነቅ!" እያለች ትከረክመዋለች። ገበያ የሚያሳጣ ጭንቅላት ይዞ ሲወጣ እናቷ ታማርራለች፣ እሱ ግን "ተይ፣ እጇ እየገባ ነው" ይላል። ሲኒማ ቤቱም አብረው ይገባሉ። ጨለማው ውስጥ ወደ ጆሮው ተጠግታ "አባዬ፣ ይሄስ? ውሸት ነው?" ትለዋለች። "ውሸት ነው" ይላታል። "ይሄኛውስ?" "እሱም ውሸት ነው።" እውነት ነው ያላት ጊዜ ትዝ አይላትም።

አድጋ ፊልም ሥራ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ማበጠሪያ አቀባይ ሆነች፣ ኋላ ሰው ሠራሽ ጸጉር ሰፊ፣ ከዚያ ሙሉ የጸጉር ሥራውን የምትይዝ። አንድ ፊልም ሲወጣ ትደውልና "እንዴት አየኸው?" ትላለች። እሱም እንደ ሥራ ባልደረባው አድርጎ ይነግራታል፤ "ግንባሩ ጋ የተለጠፈ ያስታውቃል"፣ "ሽበቱን አብዝተሽበታል፣ ሰውየው ሐዘን እንጂ ዱቄት አልነካውም"። አትቀየምም። ጽፋ ትይዘዋለች፣ በሚቀጥለው ታስተካክለዋለች።

በዚህ መሐል ጊዜው ሄደ። ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ የቤት ዕቃ መሸጫ ሆነ፤ ድሮ የፊልም ሥዕል የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ የሶፋ ፎቶ ተለጠፈ። ሰዉም ሽልማቱን በየኪሱ ባለ ስልክ ማየት ጀመረ። እሑድ ከሰዓት ጸጉር ቤቱ የሚመጡት ልብስ ሰፊውና መምህሩ ብቻ ሆኑ። ጋሽ ዘንድሮ ወንበሮቹን አሰልፎ ይጠብቃል፣ በሩን ያያል፣ "ዘንድሮ ሰው ዘገየ" ይላል። ቢላጭም ከሁለቱ በቀር የሚስቅበት ሰው ጠፋ። ያ ሁሉ ጩኸት የት ሄደ? ወይ ነዶ! ሰው የገዛ ሽንፈቱን ይናፍቃል? እሱ ናፈቀ።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ልጁ የጸጉር ሥራውን የያዘችበት፣ ስለ አንድ ደን ጠባቂ የሚተርክ ፊልም የመጣው። ሰውየው ተራራ ላይ ብቻውን ዓመታት የኖረ ነው፣ መስታወት የለውም፣ ጸጉሩን ራሱ ነው የሚቆርጠው። ጋሽ ዘንድሮ ከባለቤቱ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ ጎረቤት ከተማ ሄዶ አየው። ሰውየው ጀርባውን ሲያዞር፣ ማጅራቱ ጋ፣ የራስ እጅ በወጉ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ በአንድ ጎን ብቻ የረዘመች ቁንጥር ጸጉር አለች። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ያን ጎን ነው የሚስተው። ጋሽ ዘንድሮ ያቺን ቁንጥር ሲያይ እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ልጁ ደውላ "እንዴት አየኸው?" ስትለው፣ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይነገርም ብሎ፣ "ስትመጪ አወራሻለሁ" ብቻ ብሏት ዘጋው።

ሳምንት ሳይሞላ ዕጩ ሆነች፤ ለዓመቱ ምርጥ የጸጉር ሥራ። ሰፈሩ ተቀወጠ። ባለቤቱ እልል ብላ ስታበቃ ባሏን ጥግ አስያዘችው።

"ስማኝ" አለችው። "እስከ ዛሬ ስንቱን ፊልም ገደል ስትከት ምን አልኩህ? ምንም። የልጄን ግን አትነካትም! አትመርጣትም፣ በአደባባይ አታመሰግናትም፣ ለሷም አንዲት ቃል አትተነፍስም። ሆድ ይፍጀው።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ያችን ከሷ ጋር የታጨችውን የንግሥቲቱን ፊልም ምረጥ። እሷ ትውደቅ።"

ሳቀባት። በሟርት አላምንም አለ፣ ምርጫና ዕድል ምን አገናኘው አለ። ብቻውን ሲሆን ግን መስታወቱ ፊት ቆሞ አናቱን ዳበሰና፣ ስንት ጊዜ እንደተላጨ አስቦ ፍርሃት ፍርሃት አለው። ልጁ እንድታሸንፍለት የፈለገውን ያህል በሕይወቱ ፈልጎ የሚያውቀው ነገር የለም።

ዕለቱ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት ጸጉር ቤቱ እንደ ድሮው ግጥም አለ። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው የመጡ፣ ከሌላ ሰፈር የመጡ፣ ደጅ የቆሙ። ጋሽ ዘንድሮ ደስታው ከፊቱ ላይ አልጠፋም። መምህሩ ተነሣና "የዛሬው ጸጉር የሚቆረጠው በጸጉር ሥራው ሽልማት ነው፣ ምረጥ!" አለ።

"የንግሥቲቱ ፊልም ያሸንፋል" አለ ጋሽ ዘንድሮ።

"አይሆንም!" ልብስ ሰፊው ዘሎ ተነሣ። "ልጅህን ለማዳን ነው! ከልብህ ካልሆነ አይቆጠርም። የልጅህ ሥራ ምን ጎደለው? ተናገር!"

ጋሽ ዘንድሮ ባለቤቱን አየ። በዓይኗ "በለው" አለችው። አፉ እየተያያዘ፣ "የልጄ... ጸጉሩ ውሸት ነው" አለ።

ቤቱ ኩም አለ። በጸጉር ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነዋ! ሁሉም አመኑት። ልብስ ሰፊው ደግሞ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም፤ ወጣ ብሎ "መልካም ዕድል ልበላት" ብሎ ደወለላት፣ ሲሰነባበት አመለጠው። ብዙም አልቆየ፣ የጋሽ ዘንድሮ ስልክ ጮኸ።

"አባዬ፣ አዳራሹ በር ላይ ነኝ" አለች። "ጸጉሩ ውሸት ነው ብለሃል አሉ። እውነት ብለሃል?"

ባለቤቱ ከንፈሯን ነክሳ እጇን አወራጨች። ትንሽ ነው የቀረው፣ ቻለው፣ እንደማለት። ቤቱ ሙሉ ሰው ደግሞ ጆሮውን አቁሟል።

"ብያለሁ" አለ።

በስልኩ ውስጥ የሰዉ ጫጫታ ብቻ ይሰማዋል። "እሺ አባዬ" አለችና ዘጋችው። ጋሽ ዘንድሮ ስልኩን እንደያዘ ቀረ፤ ተላጭቶ እንኳ ያን ያህል በርዶት አያውቅም።

የፈሩት ይደርሳል። ቴሌቪዥኑ ላይ ፖስታው ተከፈተ፣ የንግሥቲቱ ፊልም ተጠራ። ካሜራው ልጁን አንድ አፍታ አሳያት፤ ታጨበጭባለች፣ ፈገግ ብላለች፣ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ፣ "በደንቡ... አሸንፈሃል" አለው። ስንት ዘመን ሲጠብቃት የኖረው ድል እንዲህ ሆና መጣች።

ጋሽ ዘንድሮ ነጩን ጨርቅ ከመስቀያው አውርዶ አንገቱ ላይ አሰረና በደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ላጩኝ" አለ።

"አሸንፈህ?" አለ መምህሩ።

"የመረጥኩት ተሸንፏል። ላጩኝ አልኩ እኮ!"

ያኔ ገባቸው። መጀመሪያ ማሽኑን ያነሳችው ባለቤቱ ናት፤ ከግንባሩ እስከ አናቱ አንድ መስመር አወጣችና እያለቀሰች ለመምህሩ ሰጠችው። መምህሩ ለቀጣዩ። የቀረውን ልብስ ሰፊው ጨረሰው። በዚያ ቤት ታሪክ ማንም ሳይስቅ የተላጨው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለልጁ ሊደውል ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከተሸነፈች በኋላ "እውነት ነበር" ቢላት ምን ዋጋ አለው? የትኛው አባት ነው ይሄን የማይለው? ማጽናኛ ነው ትላለች። በዚህ ሐሳብ ሳምንቱን ሲገላበጥ ከረመ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብቻውን ወለል እየጠረገ ሳለ በሩ ተከፈተ። ልጁ ናት። ፊቷን ቋጠር አድርጋ ነው የገባችው፣ "እንደምን አደርክ" ብላ ልትቀመጥ ነበር። አናቱን አየችና ባለችበት ቆመች።

"አባዬ፣ ማነው የላጨህ?"

"እነሱ ናቸዋ።"

"ለምን? ያሸነፈችው እኮ ንግሥቲቱ ናት። አንተ ደግሞ እሷን..." አልጨረሰችውም። በዚህ ክፍል ውስጥ ያደገች ልጅ፣ የዚያ ቤት ሰው በምን ምክንያት እንደሚላጭ ማን ሊያስረዳት? ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ።

"ማጅራቱ ጋ ያስቀረሻት ቁንጥር" አለ ጋሽ ዘንድሮ፣ መጥረጊያውን ሙጭጭ አድርጎ እንደያዘ፣ "እጁ የማይደርስበት ቦታ... እውነት ነበረች። እውነት ነበረች፣ የኔ እናት። እዚያው ሲኒማው ውስጥ አለቀስኩ፣ እናትሽን ጠይቂያት። እንዳላበላሽብሽ ፈርቼ ነው እንጂ..."

ልጁ መጥታ እጇን የተላጨ አናቱ ላይ አሳረፈችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። "እኔ እኮ እንቅልፍ ያጣሁት ለዋንጫው አይደለም" አለችው። "ውሸት ነው ስላልከኝ ነው። የሠራሁት በሙሉ አንተ እንድታየው ነበር።"

ሁለቱም ተላቅሰው ሲያበቁ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ ጆሮው ጀርባ የቀረውን አይታ ትከሻውን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። "ልብስ ሰፊው አሁንም አልተማረም" አለች። "አባዬ፣ አትነቃነቅ።"