ምስማር የማያውቀው አልጋ

አናጢው አምሳሉ ጎሬ ሳለ በሁለት ነገር ይኩራራ ነበር። አንደኛው የሚስቱ የገበያነሽ መልክ ነው፤ ሁለተኛው በዕድሜው አንድም ምስማር መትቶ አለማወቁ። መልኩን እግዜር ስለሰጣት ብዙ አያወራበትም። ምስማሩን ግን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሳያነሳው አይውልም። “ምስማር ለሰነፍ ነው” ይላል። “እንጨትን ከእንጨት ማጋባት ነው ሙያ።”

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግማሹ ሙያ የጎሬ ዝናብ ነበር። ጎሬ በዓመት ዘጠኝ ወር ይዘንባል፤ በቀሩት ሦስት ወራት ደግሞ ጉም ይወርዳል። እዚያ አገር እንጨት ደረቀ ሲባል የሰማ ሰው የለም። አምሳሉ የአንዱን እንጨት ጫፍ በሌላው ቀዳዳ አጥብቆ ይሰካና ዞር ይላል፤ የቀረውን እርጥበቱ ይሠራለታል። እንጨቱ ያብጣል፣ ያበጠ መጋጠሚያ ደግሞ በመጥረቢያም አይላቀቅም። በ1964 ዓ.ም. ለሠርጉ የሠራው የዋንዛ አልጋ እንዲህ ያለ ነው። ስምንት ዓመት ሲተኙበት አንድ ቀን ሲጥ አላለም።

የምታፏጨው ልጃቸው ነበረች። ብርቅዬ ትባላለች፤ ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፤ እሷም አስም ይዟት ተወለደች። ጉሙ በወረደ ቁጥር ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እናትና አባት ተራ ገብተው ደገፍ አድርገው ያሳድሯታል። ሰባት ዓመት ሲሞላት የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተስፋ ቆረጠና እቅጩን ነገራቸው። “መርፌው አልሠራም። የዚች ልጅ መድኃኒት ደረቅ አየር ነው። እዚህ ካቆያችኋት የሚመጣውን ክረምት መጨረሷን እንጃ።”

ደረቅ አገር ሲባል ሰው ሁሉ ድሬዳዋን ይጠራል። አምሳሉ ግን አዋሳን መረጠ፤ ያኔ የሐዋሳ ስም አዋሳ ነበር። የአገሩ ልጅ ሾፌሩ ሽፈራው እዚያ ይኖራል፤ “እዚህ ሰው ሁሉ ቤት ሠርቶ መቀመጫ የለውም፣ ቶሎ ና” ብሎ ጽፎለታል። በ1972 ሐምሌ ላይ ከቀበሌያቸው መሸኛ አጽፈው ተነሡ። አምሳሉ አልጋውን ሁለት ቀን እሳት ዳር አቁሞ ካደረቀ በኋላ በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አድርጎ ፈታታው፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲያስጭነውም ለረዳቱ “ምስማር የለውም፣ እይልኝማ” ማለቱን አልተወም። ረዳቱ ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

አዋሳ ሲገቡ ዝናብ እየጣለ ነው። ገበያነሽ በመስኮት አየችና “ደረቅ የተባለው አገር ይኼ ነው?” አለች። ቀበሌው ታቦር ተራራ ሥር ሁለት ክፍል ቤት ሰጣቸው፤ አልጋው በግማሽ ሰዓት ተገጣጥሞ ቆመ፤ በደጃፉ የቆርቆሮ ጥላ ሥርም ሥራ ተጀመረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በላይነህ ወሬውን ሰምቶ ራሱ መጣ። ለአዳራሹ የሊቀመንበር ወንበር ፈለገ፤ መደገፊያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ መዶሻና ማጭድ የተቀረጸበት። አምሳሉ ነሐሴ ላይ አስረከበው። መዶሻውን በጣም አሳምሮ ቀረጸው፤ ወንበሩን ሲሠራ ግን መዶሻ ለምስማር አላነሳም። ጓድ በላይነህ ተቀመጠበት፣ ተደገፈ፣ ወዘወዘው። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ዝናቡ ቆመ። ገበያነሽ አዋሳን የጠላችው ያን ጊዜ ነው። የዘራችው ጎመን ቆሞ ደረቀ፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ አቧራው ከእንጀራው ጋር ይበላል፣ የሐይቁ ትንኝ ደግሞ ከሷ በቀር ሰው ያለ አይመስለውም። ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ “መቼ ነው የምንመለሰው?” ትላለች። አምሳሉ “ትንሽ ጊዜ ስጪው” ይላል። ታኅሣሥ ላይ አልጋው ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። አንዱ ሲገላበጥ ሁለቱም ይነቃሉ፤ አንድ ነገር እናስብ ካሉ ደግሞ ጎረቤት ይነቃል። አምሳሉ ለሦስት ቀን አሰላሰለና “ወፍረሻል” አላት። ለአንድ ሳምንት አላነጋገረችውም።

ጥር ላይ ደንበኞች የዱካ ወንበር እግር በብብታቸው ይዘው ይመጡ ጀመር። አምሳሉ የተላቀቀውን እየመታ ያስገባል፤ በሳምንቱ ይመለሳል። አየሩ እንጨቱን እያሟሸሸው መሆኑ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም፤ ምስማር መግዛት ሞት ሆኖበት ነው። “ስለ አልጋው ለሰው ትንፍሽ እንዳትይ” ብሎ ሚስቱን አስማላት።

የካቲት ላይ የሆነው ሆነ። የውይይት ቀን ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጓድ በላይነህ ከወንበሩ ብድግ ብሎ የግራ ክንዱን አነሳና “ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!” አለ። ሕዝቡ “ይውደም!” ብሎ መለሰ። ሊቀመንበሩ ተመልሶ ዘፍ ሲል ወንበሩ በአራቱም አቅጣጫ ተበተነ፤ መዶሻና ማጭዱም ግንባሩን ነካ አድርጎት ወረደ። ሰው ሁሉ ክንዱን እንዳነሳ ቀረ። ማውረድም ያስጠይቃል፣ መሳቅም ያስጠይቃል። ከኋላ አንዲት ባልቴት ብቻ “ኧረ እርግማኑ ቶሎ ደረሰ!” አሉ፤ ልጃቸው አፋቸውን በነጠላ አፈነው።

አምሳሉ በዚያው ቀን በኢኮኖሚ አሻጥር ተጠርጥሮ ታሰረ። የአብዮት ጥበቃው ጓድ ታደሰ የወንበሩን ስብርባሪ በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቦ ማስረጃ ብሎ አስቀመጠ። እሑድ ዕለት ጉዳዩ በሕዝብ ፊት ታየ። ጓድ በላይነህ ወገቡ እያመመው ሁለት ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ ጓድ ታደሰ ቆሟል።

“አንድ ምስማር የለበትም” አለ ጓድ ታደሰ፣ ከረጢቱን እያራገፈ። “አንድ! ይኼ ሆን ተብሎ እንዲፈርስ የተሠራ የአድኃሪያን ወንበር ነው። ሦስት ዓመት ይገባዋል።”

ምስማር አለመምታቱ በወንጀል ሲቆጠር አምሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

ጓድ በላይነህ ክፉ ሰው አልነበረም። ግንባሩን ዳሰሰና “እስር ይቅር” አለ። “ቤቱን በአሥራ አምስት ቀን ያስረክብ፣ መሸኛ ይጻፍለትና ወደመጣበት ይመለስ። ጎሬ ሄዶ ያሻውን ያፍርስ።”

አምሳሉ ሦስት ዓመት መታሰሩን ተመኘ። ብርቅዬ ከኅዳር ወዲህ አንድ ቀን አላፏጨችም፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል ትውላለች። ጎሬ የሚደርሱት ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ሚስቱን በዓይኑ ፈለጋት። የለችም። ቤቷ ሆና ዕቃዋን እየጠቀለለች መሰለው፤ ጠዋት ጠዋት የምትለምነው ነገር በሊቀመንበር አፍ ተፈርዶላታል፣ ምን ብላ ትመጣለች?

በዚህ መሃል ደጅ ላይ የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ባለጋሪው ኩማና ሁለት ጎረቤቶች ግማሽ አዳራሽ የሚያክል አልጋ ተሸክመው በበሩ አስገቡ። ገበያነሽ ከኋላ ብርቅዬን በእጇ ይዛ ገባች። አምሳሉ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ ጓድ ታደሰ።

“የተጋባንበት አልጋ ነው፣ ጓድ” አለች። “በስድሳ አራት ነው የተሠራው። አብዮቱ የፈነዳው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ አልጋው በአብዮቱ ላይ ሊያሴር አይችልም። ምስማር ፈልጉበት እስቲ።”

ጓድ ታደሰ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። አልነበረውም። ገበያነሽ ብርቅዬን ለጎረቤት ሰጠችና መሃል አዳራሽ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። አልጋው እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ። ሳቅ ከኋላ ጀምሮ እስከ ፊት ወንበር ደረሰ፤ ጓድ በላይነህ ወገቡን ይዞ “በቃ፣ በቃ፣ ገብቶናል” አለ።

“አልገባዎትም፣ ጓድ ሊቀመንበር” አለች፤ እሷ አልሳቀችም። “ጎሬ ሳለን አልጋው ዝም ይል ነበር፣ የምታፏጨው ልጄ ናት። እዚህ ልጄ ዝም አለች፣ አልጋው ነው የሚጮኸው። ባሌ አሻጥረኛ አይደለም፤ እንጨቱን ያደረቀው የልጄን ደረት ያደረቀው አየር ነው። እኔ ይኼን አገር አልወደውም፤ ትንኙንም፣ አቧራውንም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስብሰባውንም። ግን አልሄድም።”

ብርቅዬ በጎረቤቷ ጭን ላይ ሆና ትተነፍሳለች፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደሷ አቅንቶ የሌለውን ፉጨት አዳመጠ። አምሳሉ በሕዝብ ፊት አለቀሰ።

ጓድ በላይነህ ውሳኔውን አሻሻለ። አናጢው ከኅብረት ሱቁ ሁለት ኪሎ ምስማር እንዲወስድ፣ በሰፈሩ የሠራውንም ሁሉ እየዞረ እንዲመታ ታዘዘ። መጀመሪያ የሊቀመንበሩን ወንበር ሠላሳ አራት ምስማር መታበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ሲቀጠቅጥ የሰፈሩ ሰው “ምስማሩ” የሚል ስም አወጣለት። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ስሙ አልለቀቀውም፤ አዋሳ ፒያሳ ቆመው አናጢው አምሳሉ የት ነው ቢሉ የሚያውቅ የለም፣ ምስማሩ ቢሉ ግን እጅ ይዞ የሚያደርስ ሞልቷል። እንጨት ገዝቶ ዓመት ሙሉ ሳያደርቅ መንካትም ተወ።

ሁሉን መትቶ ሲጨርስ አልጋው ቀረ። አንድ ከሰዓት በኋላ መዶሻውን ይዞ፣ ሦስት ምስማር በከንፈሩ ነክሶ ተንበረከከ። ገበያነሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

“እሱን ተወው” አለችው።

“ይጮሃላ።”

“ይጩህ። ሲጮህ የት እንዳለሁ አውቃለሁ።”

ደጅ ብርቅዬ ገመድ ትዘላለች። ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሦስት እያለች ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ትንፋሿ አልተቆራረጠም። አምሳሉ ሰባ እስክትደርስ አዳመጠ። ከዚያ ምስማሮቹን ከአፉ አንድ በአንድ አውጥቶ ኪሱ ከተታቸው።